ተሠርታ የሄደችበት ቀጠሮ፦ ከባሕር ዳር የተገኘ የፀጉር መርገፍ ጉዳይ

የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ የ34 ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ የምትኖር፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በሙያዋም ሒሳብ ሠራተኛ። ጉዳይዋን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን፣ መሥሪያ ቤቷንና የታከመችበትን ሆስፒታል ግን ላለመጥራት ተስማምተናል። እኔ ነርስ እንጂ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በዋናነት የምጽፈው ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ከመድኃኒቱ በፊት ስላለው፣ ማለትም ፀጉሯ የሚረግፍባት ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ይዛው መቅረብ ስላለባት ነገር ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት የመጀመሪያው ቀጠሮዋ በዝግጅት ጉድለት በመባከኑ ሲሆን፣ በጉድለቱም የእኔ እጅ ነበረበት።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ሪፈር ከተጻፈላት በኋላ ተራዋ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ጠብቃ፣ በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ተቀጠረች። ሰኞ ማታ ከሥራ ስትወጣ ሰፈራችን ወዳለችው ፀጉር ሠሪ ጎራ ብላ፣ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀጭን ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅቤም ተቀብታ ተመለሰች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ራሱን አሳምሮ ይቀርባል፤ ፀጉሯን አንጨባርራ ከቤት የወጣች ሴት ደግሞ ምን ደረሰባት ያሰኛል። እኔም ማታ በር ላይ አግኝቻት «አምሮብሻል» አልኳት እንጂ፣ ነገ የሚታየው ራስሽ አይደለም ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ዐሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ ይህን አለማስተዋሌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በነጋታው የቆየችበት ሁኔታም መነገር አለበት። በየሆስፒታሉ ፀጉርን የሚያየው የቆዳ ክፍል ሲሆን፣ በአገራችን ይህ ሙያ ከአባላዘር በሽታዎች ሕክምና ጋር አንድ ላይ ስለሚሰጥ በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ «የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ክፍል» ይላል። እሷም በዚያ ጽሑፍ ሥር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ የሚያውቃት ሰው እንዳያልፍ እየተሳቀቀች ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጣለች። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ልትናገር ያሰበችው ሁሉ ጠፍቶባት ነበር።

ሐኪሙ መቼ እንደ ጀመረ ሲጠይቃት «ቆየ» አለች። ምን ያህል እንደ ቆየ ሲጠይቃት «ጾሙ ከገባ ወዲህ መሰለኝ» አለች። የምትወስደው መድኃኒት ካለ ሲጠይቃት «ምንም የለም» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አውርዶ ሲያይ ሹሩባው የራስ ቆዳዋን በመስመር በመስመር ከፍሎት፣ በቅቤ አብረቅርቆ አገኘው። የፀጉሩ መከፈያ ሰፍቶ እንደ ሆነ፣ ቆዳው ላይ ቅርፊት ወይም ቅላት ይኑር አይኑር፣ ሥሩ ሲሳብ ይለቅ አይለቅ፣ አንዱንም ማረጋገጥ አልተቻለም። ደም ማነስን የሚለየውን የሄሞግሎቢን፣ በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን የፌሪቲንና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ጽፎላት፣ ውጤቱን ይዛ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉሯን ፈትታና ታጥባ እንድትመጣ ነገራት። ሁሉም ነገር ከዐምስት ደቂቃ ብዙም አልዘለለም። በዚያ መተላለፊያ ላይ ያለውን ሰልፍ የሚያውቅ ሰው በሐኪሙ አይፈርድም።

ማታ ቤቴ መጥታ «ሲስተር፣ ምንም ሳያየኝ መለሰኝ» ስትለኝ፣ ከሰጠችው መልስ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ትክክል እንዳልነበሩ ገና አላወቅንም ነበር።

ሁለት ዐምድ ያለው ደብተር

ሒሳብ ሠራተኛ መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀማት። የልጇን ደብተር ወስዳ አንዱን ገጽ ለሁለት ከፈለችው፤ በአንዱ ዐምድ በእሷ ላይ የደረሰውን፣ በሌላው ፀጉሯ ላይ የታየውን፣ በየወሩ እየለየች ከመስከረም ጀምሮ እንድትጽፍ ነገርኳት። ይህን ያልኩበት ምክንያት ከፀጉር አፈጣጠር የመጣ ነው። በጤናማ ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር ሲኖር፣ አብዛኛው ለተወሰኑ ዓመታት ሳያቋርጥ ያድጋል፤ ከዚያ እድገቱን አቁሞ ለሦስት ወር ያህል ያርፍና ይረግፋል። በዚህ ምክንያት በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢወድቅ የተለመደ ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ፈጣን የክብደት መቀነስ ሲደርስ ግን ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል፤ የሚረግፈውም ያን ዕለት ሳይሆን ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ ፀጉር የረገፈባት ሴት የዚያን ሳምንት ምግቧንና ሻምፖዋን ስትወነጅል፣ እውነተኛው ምክንያት ግን ከተረሳ ሰንብቷል።

እሷም የጠረጠረችው ጾሙን ነበር። ዐቢይ ጾም የገባው በየካቲት ነው። እኔም ሳላጣራ «ደም ማነስ ይሆናል፣ ጾሙ ነው» ብያት ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር አሳየ። በጥር፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን ቀድማ ስትሠራ ፀጉር ሠሪዋ «ያንቺ ጉንጉን ጫፉ እንዲህ አይቀጥንም ነበር» ብላት እንደ ነበር አስታወሰች፤ በዚያው ወር መጨረሻ የመታጠቢያው ቤት ውኃ መውረጃ በፀጉር ተደፍኖ ባለቤቷ በሽቦ ጠርጎታል። እንግዲህ መርገፉ ከጾሙ በፊት ጀምሯል ማለት ነው። ከጥር ወደ ኋላ ሦስት ወር ስንቆጥር ጥቅምት ላይ ደረስን፤ በጥቅምት ዐምድ ላይ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር የጻፈችው አንድ መስመር ነበር፦ «ወባ፤ አራት ቀን ተኛሁ፤ ኮአርተም ጨረስኩ።» ለጣና ዳር ሰው ክረምቱ ሲወጣ ወባ መታመም ከጉንፋን ብዙም አይለይም፤ ታሞ፣ መድኃኒቱን ውጦ፣ ወደ ሥራ መመለስ ነው። በዚያ ሕመም ትኩሳቷ ከ39 ዲግሪ አልፎ እንደ ነበረና ሦስት ኪሎ እንደ ቀነሰች ከጤና ጣቢያው ወረቀት ላይ አገኘነው። ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«ምንም መድኃኒት አልወስድም» ያለችውም እንዲሁ ነው። የምትወስደውን ሁሉ፣ መድኃኒት ይባል አይባል ሳትለይ፣ በአንድ ፌስታል አምጪው ስላት ይዛ የመጣችው የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ካርድ፣ ጓደኛዋ የሰጠቻት የራስ ቅባትና ከየካቲት ጀምሮ በየቀኑ የምትውጠው «የፀጉር ቫይታሚን» ነበር። ጠርሙሱ ላይ ባዮቲን 10,000 ማይክሮግራም ይላል፤ ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ገደማ ነው። የባዮቲን እጥረት ለሌለባት ሴት ይህ ፀጉር እንደሚያበቅል አጥጋቢ ማስረጃ የለም። ይልቅስ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሆርሞን መጠን የሚለኩበት ዘዴ ራሱ ባዮቲንን ስለሚጠቀም፣ በደም ውስጥ የተከማቸው ባዮቲን ውጤቱን ያዛባል፤ ጤናማ የሆነ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ የሚሠራ መስሎ ሊነበብ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በዚሁ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የእንቅርት ዕጢ መዛባት ራሱ ፀጉር ስለሚያረግፍ፣ በዚያ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሌላ ሕክምና ሊጀመርላት ይችል ነበር። ደም ከመስጠት በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ማቋረጥ የሚመከር ሲሆን፣ እኛ ሳምንት አደረግነው፤ ለላቦራቶሪውም ነገረችው።

እፍኝ ሙሉ ፀጉር

ሁሉም ሴት ለሐኪም የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ስፈታው እፍኝ ሙሉ ይወጣል»። ይህ አባባል ያለ ቀን ቁጥር ትርጉም የለውም። ሹሩባ የተሠራ ፀጉር በየቀኑ የሚወድቀውን አይጥልም፤ የወደቀው ከጉንጉኑ ጋር ተያይዞ እዚያው ይቆያል። በዐሥራ አራተኛው ቀን ስትፈታው በቀን 100 ታስቦ 1,400 ፀጉር በአንድ ጊዜ እጇ ላይ ይቀራል፤ ይህም ሙሉ በሙሉ ጤናማ ሊሆን ይችላል። እሷም በአንድ ወቅት በዚሁ ስትደነግጥ ኖራለች። ስለዚህ ከሁለተኛው ቀጠሮ በፊት ባሉት ዐሥር ቀናት ፀጉሯን ሳትሠራ፣ በላላ ማስያዣ ብቻ አስይዛ፣ በየጠዋቱ ነጭ ነጠላ አንጥፋ በላዩ ላይ እንድታበጥር አደረግን። የተቆጠረው ከ160 አላነሰም፤ አንድ ቀን 230 ደርሷል። እንዲህ ያለ ቆጠራ ለሁሉም አስፈላጊ አይደለም፤ ጭንቀት የሚያበዛባት ሴት ብታደርገው ይበልጥ ያስጨንቃታል እንጂ አይጠቅማትም። ለእሷ ግን ቁጥር ያረጋጋታል፤ ሰው በሚያውቀው ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የጠቀመው የፀጉሩ ጫፍ ነው። ከነጠላው ላይ አንድ ፀጉር አንሥተን ከመስኮቱ አንጻር ስናየው በአንዱ ጫፉ ላይ የስንዴ ቅንጣት ከሚያህል በእጅጉ ያነሰች፣ ነጭ ነቁጥ አለች። ይህች ዕረፍቱን ጨርሶ ከሥሩ የለቀቀ ፀጉር ምልክት ናት። ነቁጥ የሌለው፣ ሁለቱም ጫፍ የተቆረጠ አጭር ፀጉር ቢበዛ ኖሮ መርገፍ ሳይሆን መሰባበር ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካስኩንና ማለስለሻውን መጠየቅ ይገባል። የአንድ ቀኑን ብቻ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ያዘች። የወር ሙሉውን በፌስታል ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ማንም ሐኪም ያን አይቆጥርም።

ፎቶም አነሣን፤ ከላይ መከፈያውን፣ ከቀኝና ከግራ ጆሮ ግንዷ በላይ ያለውን፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ቅባት። ለማነጻጸሪያ ከስልኳ ውስጥ የአምናውን ጥምቀት ፎቶ ፈለገች። ፎቶውን አጉልታ ስታይ ዝም አለች። መከፈያዋ አምና ከዘንድሮው ጠባብ መሆኑን ጠብቃ ነበር፤ በጆሮ ግንዶቿ በኩል ያለው ፀጉር ግን አምናም ሳስቶ ነበር፤ ካቻምናም እንዲሁ። በዚያ በኩል ያለው ነገር ከወባው ጋር እንደማይገናኝ፣ ምናልባትም ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉባት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

የእናቷ ሻሽ

ሐኪም ስለ ቤተሰብ መጠየቁ አይቀርም፤ የእናትም የአባትም ወገን ይጠየቃል፤ በሴቶች ከመሐል ራስ መከፈያው እየሰፋ የሚሳሳው የፀጉር መመናመን በዘር ሊወረስ ስለሚችል። እሷ ግን እናቷ ፀጉራቸው ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር። እናቷ ዘጌ ነው የሚኖሩት፤ ልጅ ሆና ጀምሮ ያለ ሻሽ አይታቸው አታውቅም። በዚያ ሰሞን በጀልባ ባሕር ዳር መጥተው ስለ ነበር ቡና ላይ ሆነን ጉዳዩን አነሣንላቸው። መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜዬ ራሴን ለማን ላሳይ ነው» አሉ። ልጃቸው ለሐኪም እንደሚያስፈልግ ስትነግራቸው በሩ እንዲዘጋ አዘዙና ሻሹን ፈቱት። መሐል ራሳቸው ላይ ፀጉሩ ስስ ቢሆንም መከፈያው ከግንባር እስከ አናት እኩል ነው፤ በሁለቱ ጆሮ ግንዶች በኩል ግን ጣት የሚያስገባ ያህል ባዶ ነበር። «እኛ ዘንድ ሙሽራ ስትሠራ ካላለቀሰች አልተሠራችም ይባላል» አሉ እየሣቁ። ልጃቸው ደብተሩን አውጥታ ጻፈችው።

ሁለተኛው ቀጠሮ

በሚያዝያ የሄደችው ፀጉሯን ከሁለት ቀን በፊት ታጥባ፣ ቅቤም ቅባትም ሳትነካ፣ ፈትታ በሻሽ ሸፍና ነው። በዚያው በር ሥር ስትቀመጥ አሁንም እንደ ተሳቀቀች ነገረችኝ፤ ዝግጅት ይህን አያስቀርም። ደብተሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፋ ነበር፦ ይመለሳል ወይ፣ ስንት ጊዜ ይወስዳል፣ ሹሩባ ልተው ወይ። ለሐኪሙ ስትናገር የጀመረችው ከጥቅምት ነው።

ሐኪሙ ወደ ስልሳ የሚሆን ፀጉር በጣቶቹ መካከል ይዞ ቀስ ብሎ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳበው፤ ዐሥራ አንድ ወጣ። ከዐሥር አንድ በላይ ሲለቅ መርገፉ ገና አልቆመም ማለት ነው። ማጉያ መሣሪያ አድርጎ የራስ ቆዳዋን አየ። ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ መቁሰል እንዳለ፣ የወር አበባዋ ተዛብቶ እንደ ሆነ፣ አገጯ ላይ ፀጉር መብቀል ጀምሮ እንደ ሆነ ጠየቃት። እነዚህ ጥያቄዎች ያለ ምክንያት አይጠየቁም። ክብ ሆኖ ልስልስ ብሎ የሚመለጥ ላሽ፣ ቅርፊት ያለው ቆረቆር፣ ከአናት ጀምሮ እያቃጠለ የሚሰፋና ጠባሳ የሚተው መመለጥ፣ እያንዳንዱ የተለየ ሕክምና አለው፤ ጠባሳ የሚተወው በተለይ ቀን የሚሰጥ አይደለም፣ ሥሩ ከሞተ በኋላ የሚመለስ ፀጉር የለምና። የቂጥኝ ምርመራም አዘዘ። በዚህ ፊቷ እንደ ተለወጠ አይቶ፣ ቂጥኝ ፀጉርን ብል እንደ በላው ጨርቅ እያደረገ ሊያረግፍ ስለሚችል ብቻ እንደሚታይ አስረዳት፤ ውጤቱ ነጻ ነበር።

የእንቅርት ሆርሞኗ ጤናማ ሆኖ ተገኘ። ሄሞግሎቢኗ 12.3 ነው፤ ከ12 በላይ ስለ ሆነ በወረቀቱ ላይ ምልክት አልተደረገበትም። ነገር ግን ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ማለት ስላለበት፣ በቆላ ልክ በቂ የሆነው ቁጥር እዚህ ሲነበብ ያንሳል። በዚያ ሳምንት በሆስፒታሉ ስላልነበረ በግል ላቦራቶሪ ያሠራችው ፌሪቲን 11 ሆኖ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ15 በታችን እንደ እጥረት ይቆጥረዋል። በሁለቱም እርግዝና የተሰጣትን የብረት እንክብል ሆዷን እያደረቀባት እንዳልጨረሰች ያን ጊዜ ተናገረች። እኔ ደም ማነስ ነው ብዬ የገመትኩት በከፊል ልክ ሆነ ማለት ነው፤ ግን በገመትኩት ምክንያት አልነበረም።

የሐኪሙ ድምዳሜ ሦስት ነገር ተደራርቧል የሚል ነበር፦ ከወባው ትኩሳት በኋላ የመጣ ጊዜያዊ መርገፍ፣ መርገፉ ቶሎ እንዳይቆም ሊያደርግ የሚችል የብረት እጥረት፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ለዓመታት የቆየ ደግሞ ከጥብቅ ሹሩባና ከዊግ ስፌት የመጣ የጆሮ ግንድ መሳሳት። ከትኩሳቱ ለመጣው መርገፍ ያዘዘው ጊዜን እንጂ መድኃኒት አይደለም። አዲስ አበባ ያለች የአክስቷ ልጅ ሚኖክሲዲል የሚባለው የፀጉር ማብቀያ ካልታዘዘልሽ አትውጪ ብላት ስለ ነበር ስትጠይቀው፣ መድኃኒቱ በተለይ ከመሐል ራስ ለሚሳሳው፣ በዘር ለሚወረሰው መመናመን የሚሰጥ፣ ካልቀጠሉበት ጥቅሙ የሚጠፋ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ መርገፍ ሊጨምር የሚችል መሆኑን ነግሯት፣ ለጊዜው አቆየው። ብረቱን በሁለት ቀን አንዴ እንድትውጥ፣ ቡናና ሻይም ከእሱም ከምግቧም ቢያንስ አንድ ሰዓት እንድታርቅ ነገራት፤ ቡና ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት እንዳይወሰድ ያደርጋልና። ለዘጌ ልጅ ከሁሉም የከበዳት ከምሳ በኋላ ቡናን አንድ ሰዓት እንድታቆይ መታዘዟ ነበር። ሹሩባን ጨርሶ እንድትተው አላላትም፤ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ በኩል ላልቶ እንዲሠራ፣ ቆዳዋን ካመማት በዚያው ሰዓት እንዲፈታ፣ ዊጉ ግን እንዲቀር ነው የነገራት።

በሐምሌ

ለክትትል የተመለሰችው በሐምሌ አጋማሽ ነው። በየጠዋቱ የሚወድቀው ከ100 በታች ከወረደ ቆይቷል፤ መከፈያዋ ዳርና ዳር ላይ አራት ሳንቲሜትር ያህል የሆነ፣ አልተኛም ያለ አጭር ፀጉር ቆሟል፤ ፀጉር በወር አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ልኩ ከደብተሩ ወራት ጋር ይገጥማል። በግራ ጆሮ ግንዷ በኩል ለስላሳ ፀጉር ብቅ ብሏል። በቀኝ በኩል ሁለት ጣት የሚያህለው ቦታ ግን እንዳለ ነው፤ ቆዳውም ልሙጥ ስለ ሆነ ሐኪሙ ተስፋ አልሰጣትም፣ አልነፈጋትምም። ለጥቅምት ቀጠሮ ተይዞላታል፤ ወባው እንዳይደገም አጎበሩ ከዚያ በፊት ይታይ ብላ ደብተሩ ላይ ጽፋለች።

እናቷ እንዲታዩ ለመንናቸው ነበር። «ለእኔ ሻሼ ይበቃኛል» አሉ፤ የትንሿን የልጅ ልጃቸውን ሹሩባ ግን ሲሠሩ አየኋቸው፤ በየጉንጉኑ እያቆሙ «አመመሽ?» ይሏታል።